ጋቢ የበላው ምስክር

ሰው ሥራህ ምንድን ነው ሲለኝ መልሱ ያስቸግረኛል። «ዩኒቨርሲቲ ነው የምሠራው» ስል ሁሉም ቀና ብሎ ያየኛል። «ምን ታስተምራለህ?» ይለኛል። «አላስተምርም፤ አበላለሁ።» «ካፌ ነህ?» «አይ፣ ፈንገስ ነው የማበላው።» እዚህ ላይ ጨዋታው ያልቃል። ሚኒባስ ውስጥ አጠገቤ የተቀመጠ ሰው እግሩን ሰብስቦ ወደ መስኮቱ የተጠጋበት ቀን ብዙ ነው። የእግር ጣቶቼ መሀል ያለ ፈንገስ መስሎት ነው።

የምሬን ነው ግን። የአፈር ላብራቶሪ ቴክኒሻን ነኝ። ጨርቅ፣ እንጨት፣ ወረቀት፣ ፀጉር፣ ላስቲክ እቆርጣለሁ፣ እመዝናለሁ፣ አፈር ውስጥ እቀብራለሁ። ከሳምንታት በኋላ አውጥቼ ምን ያህሉ እንደተበላ እጽፋለሁ። እናቴ ለጎረቤት «ልጄ ጨርቅ ይቀብራል» ማለት ስለሚያሳፍራት «የመንግሥት ሥራ ነው» ብላ ታልፈዋለች።

ወደ ጉዳዬ ከመግባቴ በፊት ስለ ፈንገስ ትንሽ ላውራ። መቼም ያለዚያ አልገባም። ብዙ ሰው ፈንገስ ሲባል የሚታየው ክረምት ላይ ብቅ የሚለው የጅብ ጥላ ነው። እሱ ፍሬው ነው፤ ባለቤቱ ከመሬት በታች ከፀጉር በቀጠነ ነጭ ክር ተዘርግቶ ተኝቷል። አፍ የለው፣ ጥርስ የለው፣ ሆድ የለው። ምግቡ ላይ ይተኛና የሚያሟሟ ፈሳሽ ይተፋበታል፤ ከዚያ የሟሟውን ይመጠዋል። እኔና እናንተ እንደዚያ ብናደርግ ማንም ምሳ አይጋብዘንም ነበር። ደግሞ ሁሉም ሁሉን አይበላም። መጀመሪያ የሚደርሱት ስኳርና ዱቄት ወዳዶቹ ናቸው፤ ጣፋጩን ልሰው ውልቅ ይላሉ። ከዚያ ጥጥና ገለባ የሚበሉት ይመጣሉ። በመጨረሻ እንጨት የሚያፈርሱት፣ የማይቸኩሉት፣ ይቀመጣሉ። ጥጥ ለፈንገስ ባዶ እንጀራ ነው። ወጡን፣ ማለትም ናይትሮጅኑን፣ ከዙሪያው አፈር በክሩ እየጎተተ አምጥቶ አጥቅሶ ይበላዋል። ፖሊስተር ስትሰጡት ግን ዞር ብሎም አያየው። ጉቦ አይቀበልም፤ ጨርቁ ላይ «ንፁህ ጥጥ» የሚል ቢጻፍበትም ማንበብ አይችልም። የምወደው ለዚህ ነው። ጉድ የሠራኝም ለዚህ ነው።

ጉዳዩ ኤልሳ ናት። ኤልሳ እዚሁ ሐዋሳ፣ ፒያሳ አንድ ፋርማሲ ውስጥ ትሠራለች። ሦስት ዓመት ከኖርንበት ፍቅር በኋላ ሽማግሌ ልልክ ቆርጬ ተነሣሁ። አባቷ አቶ ማቴዎስ እዚያው ፒያሳ ዕድሜያቸውን ሙሉ ልብስ የሰፉ፣ በቤተ ክርስቲያናቸውም ሽማግሌ የሆኑ፣ ቁጥብ ሰው ናቸው።

«አባዬ ጥሎሽ አይፈልግም» አለችኝ ኤልሳ።

እልል ልል ምንም አልቀረኝም።

«አንድ ነገር ብቻ ነው የሚጠይቀው። በእጅ የተፈተለ፣ ንፁህ የጥጥ ጋቢ። ሽማግሌዎቹ ባሉበት አንተው በእጅህ ታለብሰዋለህ። እህቴን ሊያገባ ለመጣውም ያለው ይህንኑ ነው።»

«ልጁ አመጣ?»

«አመጣ። አባዬ በሁለት ጣቱ አሸት አሸት አደረገና አጣጥፎ መለሰለት።»

«ከዚያስ?»

«ከዚያማ እህቴ ይኸው እቤት አለች።»

እንግዲህ ነገሩ ገባችሁ። ጋቢው ጥጥ ከሆነ ኤልሳን አገባለሁ። ካልሆነ ከእህቷ ጋር ሆና ቴሌቪዥን ታያለች።

ፒያሳ ሄድኩና አንዱ ሱቅ ውስጥ በረዶ የመሰለ ጋቢ አየሁ። «እርግጠኛ ነህ ጥጥ ነው?» ብዬ ባለሱቁን ጠየቅኩት። «ወንድሜ፣ ይሄ ጥጥ ካልሆነ እኔ ሰው አይደለሁም!» አለኝ። ገዛሁት። ሰውየው ምን እንደሆነ እስከ ዛሬ አላወቅኩም።

እዚህ ላይ ሌላ ሰው ቢሆን ጋቢውን አጣጥፎ ያስቀምጥ ነበር። እኔ ግን የሙያ ሰው ነኝ። ለሙያ ሰው ደግሞ መሐላ ማስረጃ አይሆነውም። ጋቢ አራት ድርብ ነው አይደል? ከውስጠኛው ድርብ የሳንቲም ስፋት ያላት ቁራጭ በመቀስ አነሣሁ፤ ከውጭ አትታይም። ቁጥር ያላት የላስቲክ ምልክት አሰርኩባትና የላብራቶሪ አፈር የሞላበት ማሰሮ ውስጥ ቀበርኳት። ውኃ አርከፈከፍኩባት፣ ሙቀቷን አስተካከልኩላት። ከዚያ በየቀኑ እየሄድኩ እንደ ታማሚ እጠይቃት ጀመር።

በሦስተኛው ሳምንት አወጣኋት። እናንተዬ! እንደገባች ወጣች። እንዲያውም ታጥባ የወጣች ነው የምትመስለው። አንድ ክር አልጎደለባትም፤ ፈንገሶቹ ዙሪያዋን አልፈው ሄደዋል። ጋቢውን ይዤ ወደ ሱቁ በረርኩ።

«ፈንገስ አልበላውም!» አልኩት ባለሱቁን።

«ታዲያ ጥሩ አይደል?» አለኝ።

ጋቢዬን ይዤ ወጣሁ።

ቤት የሚያከራዩኝ ጋሽ ገረመው የሽማግሌዎቹ አለቃ እንዲሆኑ የለመንኳቸው ሰው ናቸው። ነገሩን ስነግራቸው በሳቅ ፍርስ አሉና እጄን ይዘው እዚያው አዲስ ከተማ አንድ ሸማኔ ቤት ወሰዱኝ። ሸማኔው ሽማግሌ ናቸው። ከሸማ ሥራቸው ቀና ሳይሉ «ጥጡን የፈተለችው ባለቤቴ ናት» አሉኝ። «እርግጠኛ ነዎት አባቴ?» ብዬ ጠየቅኳቸው። እጃቸው ቆመ፤ በሚስታቸው የመጣሁ ያህል ነው ያዩኝ። ጋሽ ገረመው በክርናቸው ጎሰሙኝና ጋቢውን አዘዝኩ።

ጋቢው ሲደርስ ተረከብኩ። አሁን እዚህ ላይ ልብ ያለው ሰው ያርፋል። እኔስ? እባብ ያየ በልጥ በረየ፣ መቀሴን አነሣሁ። ሁለተኛዋንም ቁራጭ ቀበርኳት፤ ለእርግጠኝነትም አምስት ሳምንት ሰጠኋት። ሽማግሌ የሚሄድበት እሑድ ከአምስት ሳምንት በኋላ ስለነበር ልክ ይደርሳል።

የቀረኝ ጋቢውን መደበቅ ነው። ኤልሳ ቅዳሜ ቅዳሜ ቤቴ ስትመጣ አልጋ ሥር ሳይቀር የምትጠርግ ሰው ናት። ከቀኑ በፊት እንዳታየው ብዬ ወደ ሥራ ቦታዬ ወሰድኩትና የላብራቶሪው ዕቃ ቤት ውስጥ አንድ ባዶ ማዳበሪያ ፈለግኩ። አገኘሁ። ጋቢውን ከተትኩበት፣ አፉን ጥርቅም አድርጌ በሲባጎ አሰርኩት፣ ማንም እንዳያየው ከእጅ መታጠቢያው ቧንቧ ሥር ወሸቅኩት። ወሩ ነሐሴ ነው። ቧንቧው ደግሞ ጠብ ጠብ ይል ነበር።

አንዳንዶቻችሁ አሁን ጭንቅላታችሁን ይዛችኋል። ተረጋጉ፤ የጋቢው ባለቤት እኔ ነኝ።

አምስቱ ሳምንት አለቀ፤ ቀኑ ሐሙስ ነው። ማሰሮውን ገለበጥኩ፣ አፈሩን በጣቴ በተንኩ፣ ፈለግኩ፣ ፈለግኩ፤ የለችም! የላስቲኳ ምልክት ብቻዋን ወጣች። ጨርቋን እስከ መጨረሻዋ ክር ጠርገው በልተዋታል።

«በሏት! በሏት! ንፁህ ጥጥ ናት!» እያልኩ ላብራቶሪው መሀል ጨፈርኩ። አለቃዬ በሩን ከፍተው አዩኝና ቀስ ብለው መልሰው ዘጉት።

እየዘለልኩ ወደ ዕቃ ቤቱ ሄድኩ። በሩን ስከፍት አንድ ሽታ ተቀበለኝ፤ የመጀመሪያው ዝናብ ሲወርድ ከመሬት የሚነሣው ዓይነት። ደስ የሚል ሽታ ነው፤ ከአማት ስጦታ ውስጥ ካልወጣ። ማዳበሪያውን ስነካው ሞቀኝ። ሲባጎውን ፈታሁ። አቤት ጌታዬ! ነጭ ክር በነጭ ክር ላይ ተዘርግቷል፤ እዚህ አረንጓዴ፣ እዚያ ጥቁር፣ እዚያ ማዶ ደግሞ ሮዝ ነጠብጣብ። መጀመሪያ ያደረግኩትን ብነግራችሁ አታምኑም፤ ፎቶ አነሣሁት። እንደዚያ ያማረ ዕድገት በሥራ ዘመኔ አይቼ አላውቅም። ከዚያ ነው ማዳበሪያው ላይ ቁጭ ብዬ ያለቀስኩት።

ባዶ ነው ያልኩት ማዳበሪያ ከታቹ ኮምፖስት፣ የበሰበሰ ቅጠልና ፍግ፣ ነበረበት። ወጡ እሱ ነው። ጋቢው እንጀራ። ሸማኔው ድሩን ያጠነከሩበት የዱቄት ሙቅ ደግሞ መክሰስ። ውኃውን ቧንቧው ያቀርባል፣ ሙቀቱን ሐዋሳ። በደሞዝ ቀጥረው ቢያሠሩኝ እንደዚያ አሳምሬ አላሰናዳላቸውም። ይኸውላችሁ እንግዲህ፤ ሐሰተኛው ጋቢ ሙሉ ሆኖ ተቀምጧል። እውነተኛው እውነተኛ መሆኑን ያወቅኩት ከተበላ በኋላ ነው።

የተከራየሁበት ግቢ ወስጄ አጠብኩት። ባሸሁት ቁጥር አንድ ነገር በእጄ ይቀራል። ገመድ ላይ ሳሰጣው ጋሽ ገረመው ወንበራቸውን አምጥተው ፊት ለፊቱ ተቀመጡ።

«በዚህ ቀዳዳ በኩል የጎረቤትን ዶሮ እያየኋት ነው» አሉ።

«ጋሼ፣ አይቀልዱ። ምን ይሻለኛል?»

«አሞራ ገደል ዓሣ ገበያ ውሰደው። ለአንዱ ዓሣ አጥማጅ መረብ ይሆነዋል።»

ሸማኔው ጋ ሮጥኩ። «ባለቤቴ ገና ትፈትላለች» አሉኝ፤ ለእሑድ የሚደርስ ነገር የለም።

አሞራ ገደል መሄዴ አልቀረም፤ ግን ዓርብ ቀን ከኤልሳ ጋር ዓሣ ልንበላ ነው። የተጠበሰውን ዓሣ በዳጣ እያጠቀሰች ትበላለች፤ አባ ኮዳ የሚባሉት ትልልቅ አሞራዎች ከበውን ቆመዋል። ሁሉንም ነገርኳት። መብላት አቆመች።

«ጋቢ ቀበርክ?»

«ቁራጩን ነው።»

«ለምን?»

«ለማረጋገጥ።»

«እኔንስ መቼ ነው የምትቀብረኝ?»

ሳቅኩ። እሷ አልሳቀችም። ሳቄን መልሼ ዋጥኩት፤ ከዓሣው አጥንት ይልቅ እሱ ጉሮሮዬን ወጋኝ።

«አንድ ሌላ ደህና ጋቢ አለ» አልኳት ድምፄን ዝቅ አድርጌ። «አንድም ቀዳዳ የለበትም። ጥጥ ባይሆንም…»

«ስማ» አለችኝ። «አባዬን ከዋሸኸው እኔን ለመዋሸት ሳምንት አይፈጅብህም። በዚያ ቀን እኔም ‹አላገባውም› እላለሁ።» አጥንቱን ሰብስባ ለአባ ኮዳዎቹ ወረወረችና ቦርሳዋን አንግታ ሄደች። ከእኔ ጋር የቀሩት አባ ኮዳዎቹ ናቸው፤ እነሱም እንደ አማት ያዩኛል።

እሑድ ከቤተ ክርስቲያን መልስ ጋሽ ገረመውና ሌሎች ሁለት ሽማግሌዎች አቶ ማቴዎስ ሳሎን ውስጥ ተደረደሩ። አቶ ማቴዎስ ጸሎት ጀመሩ። ረጅም ጸሎት ነው፤ እኔ ከዚያም እንዲረዝም እጸልይ ነበር። እግሬ ሥር ባለው ሻንጣ ውስጥ ሁለቱም ጋቢዎች አሉ፤ ሙሉው ከላይ፣ የተበላው ከታች።

«ደህናውን አውጣ» አሉኝ ጋሽ ገረመው በጆሮዬ። «የተቀዳደደ እውነት ከሚለብሱ ሙሉ ውሸት ቢለብሱ ይሞቃቸዋል።»

አሜን ተባለ። ተነሣሁ። ሻንጣውን ከፈትኩና እጄን ሙሉው ጋቢ ላይ ጫንኩ። ቀና ስል ኤልሳ ለስላሳ የተደረደረበት ትሪ ይዛ የጓዳው በር ላይ ቆማለች። አየችኝ። እጄ በራሱ ጊዜ ወደ ታች ወረደ።

ጋቢውን ዘረጋሁት። ከመስኮቱ የገባው ፀሐይ በቀዳዳዎቹ አልፎ የሽማግሌዎቹ ፊት ላይ ነጠብጣብ ሠራ። አንደኛው ዓይናቸውን ጨፈኑ። እኔ ወደ ኋላ መመለስ ስለማልችል አቶ ማቴዎስ ትከሻ ላይ ጣል አደረግኩት። አቶ ማቴዎስ ሊያስተካክሉት ክንዳቸውን ሲያነሡ እጃቸው በአንዱ ቀዳዳ ገብቶ እስከ ክርናቸው ወጣ።

ሽማግሌዎቹ ወደ ጋሽ ገረመው ዞሩ።

«ፋሽን ነው» አሉ ጋሽ ገረመው።

ማንም አልሳቀላቸውም። እኔ መለፍለፍ ጀመርኩ። ሱቁን፣ ቁራጯን፣ ማሰሮውን፣ ማዳበሪያውን፣ ኮምፖስቱን። ፈንገስ አፍ እንደሌለው ሁሉ ነገርኳቸው። «ስለዚህ አባቴ፣ ንፁህ ጥጥ ለመሆኑ ማስረጃው ቀዳዳው ነው» ብዬ ጨረስኩ። የኤልሳ እህት ከጓዳ ስትስቅ ተሰማኝ፤ ያቺ እቤት የቀረችው ናት።

አቶ ማቴዎስ ከጋቢው ጫፍ አንዲት ክር መዘዙ። መብራት ሲጠፋ ለሻማ የሚሆን ክብሪት ከመደርደሪያው ላይ አነሡና ጫሩት። ክሯ እንደ ወረቀት ነደደች፤ የቀረው ግራጫ አመድ በጣታቸው መሀል ብን አለ።

«ጥጥ ነው» አሉ። «ያኛው የት አለ?»

ከሻንጣው አወጣሁላቸው። ከእሱም ክር መዘዙና ለኮሱ። ክሩ ተኮማትሮ ጥቁር ጠጣር ጠብታ ሆነ፤ ቤቱም ላስቲክ ላስቲክ ሸተተ።

«ይህ አይደለም። አንተ ይህን ለማወቅ ስንት ጊዜ ፈጀብህ?»

«ሁለቱ ተደምሮ… ስምንት ሳምንት።»

ክብሪቱን እፍ ብለው አጠፉት።

«ዩኒቨርሲቲ!» አሉ።

አንዲት ቃል ናት። ከዚያ በኋላ ማንም ሰው እንደዚያ አድርጎ ሰድቦኝ አያውቅም።

«በሉ ምሳ አቅርቡ» አሉ አቶ ማቴዎስ። «የልጁን ነገር አስብበታለሁ።» አስብበታለሁ ማለት ምን ማለት እንደሆነ የኤልሳ እህት ታውቃለች። ቆጮው ቀረበ። ሌሎቹ ይበላሉ፤ እኔ ቆጮውን ጠቅልዬ ጠቅልዬ ሳህኑ ላይ እመልሰዋለሁ። ኤልሳ አጠገቤ ስታልፍ ትከሻዬን በክርኗ ነካ አደረገችኝ፤ ያን ጊዜ ነው ዕንባዬ የመጣው። ልጅቷ ከእኔ ጋር ሆናለች። አባቷ ግን አሁንም ጋቢውን እንደለበሱ ወለሉን እያዩ ያስባሉ።

በዚህ መሀል የኤልሳ እናት ወይዘሮ ማርታ በጣታቸው ጠሩኝና ወደ መኝታ ክፍል ወሰዱኝ። ከአልጋው ሥር አንድ አሮጌ ሳጥን ጎትተው ከፈቱ። በጨርቅ የተጠቀለለ ኩታ አወጡ፤ ነጭ፣ ጥለቱ የሚያብረቀርቅ፣ ትናንት የተሠራ የሚመስል።

«ማቴዎስ ሲያገባኝ ያለበሰኝ ነው» አሉኝ። «ያን ጊዜ ገና ሰው ቤት ተቀጥሮ ይሰፋ ነበር። ንፁህ ጥጥ ነው ብሎ በእናቴ ፊት አለበሰኝ። ሠላሳ ሁለት ዓመቱ ነው። አንድ ክረምት ጎርፍ ቤታችን ገብቶ ሳጥኑ ሻገተ፤ አንሶላው አለቀ፣ መጻሕፍቱ በሰበሱ። ይሄ ግን ክር አልጎደለበትም! ጌታ ትዳሬን ሲባርክልኝ ነው እያልኩ ለሰው ሁሉ እመሰክራለሁ። አሁን አንተ ስትናገር ሰማሁና አሰብኩ። ልጄ፣ አንተ የዚህ ነገር አዋቂ ነህ። ሁሉ ሲበላ ይሄ እንዴት ቀረ?»

ኩታውን በሁለት ጣቴ ነካሁት። ሙልጭ ይላል። ሻጋታ አይደለም፣ የዓለም ፈንገስ ሁሉ ተሰብስቦ ቢመጣ አንዲት ክር አይበጥስለትም።

ቀና ስል አቶ ማቴዎስ በሩ ላይ ቆመዋል። ቀዳዳው ጋቢ ትከሻቸው ላይ እንዳለ ነው። ክብሪቱ በእጃቸው ነበር፤ ቀስ ብለው ወደ ኋላቸው ደበቁት። ያን ዓይነት ፊት አውቀዋለሁ። ከአንድ ሰዓት በፊት እጄ ሙሉው ጋቢ ላይ ሳለ የኔ ፊት ነበር። ሠላሳ ሁለት ዓመት ጨርቅ ሲያሹ የኖሩት እኒያ ሁለት ጣቶች አሁን የቀዳዳውን ጋቢ ጫፍ ያሻሉ። ኤልሳ ደግሞ ከኋላቸው መጥታ ዓይኗን እኔ ላይ ተክላለች። በዚህ በኩል መዋሸት አይቻልም፣ በዚያ በኩል እውነቱ የሰው ትዳር ያቃጥላል።

ወይዘሮ ማርታ ይጠብቁኛል።

«እማዬ» አልኩ፣ «ፈንገስ ሁሉን ነገር አይበላም። ሠላሳ ሁለት ዓመት አይደለም፣ መቶ ዓመት ቢቆይም የማይደፍረው ነገር አለ። ይሄ ኩታ አንዱ ነው።»

ከዚህ ውስጥ አንዲት ቃል ውሸት ካገኛችሁ ላብራቶሪ መጥታችሁ ክሰሱኝ።

«አላልኩም!» አሉ ወይዘሮ ማርታ፣ ዕንባቸው መጣ። «ሰማህ ማቴዎስ? የተማረው መሰከረልህ እኮ!» ኩታውን ስመው ወደ ሳጥኑ መለሱት።

አቶ ማቴዎስ ጉሮሮአቸውን ጠረጉ፤ ደጋግመው ጠረጉ። ከዚያ መጥተው በቀዳዳው ባወጡት ክንዳቸው አቀፉኝና ሳሎን ድረስ በሚሰማ ድምፅ «እንግዲህ ሠርጉን አናዘግየው!» አሉ። እልልታው ሲቀልጥ በሌላኛው እጃቸው ክብሪቱን ኪሴ ውስጥ ሲከቱት ተሰማኝ።